ወደ ገዳሪፍ የወረድንባቸው የመጀመሪያ ቀናት



ባለፈው ሰሞን በጦር ሰፈራችን ውስጥ ጎረቤት የሆነች የአንድ ባልደረባችን ባለቤት ቡና ጠርታን፣ ሁለተኛው ገና ሳይቀዳ አንድ ጥያቄ አቀረበችልን። ታናሽ ወንድሟ የትምህርት ውጤቱ እንዳሰበው ስላልሆነለት ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ቆላ ወርዶ ሰሊጥ ለማጨድ ቆርጦ ተነሥቷል። «እናንተ በልጅነታችሁ ሱዳን ድረስ ዘልቃችኋል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ይሂድ ልበለው ወይስ ይቅር?» ስትል ጠየቀችን። በዚያን ዕለት የረባ መልስ ሳንሰጣት ሦስተኛውን ጠጥተን ወጣን። ይህ ጽሑፍ ለእርሷ የዘገየ መልስ ነው፤ መልስ ከሆነ።

አስቀድመን አንድ ነገር እናስረዳ። በዚህ ጽሑፍ «እኛ» የምንለው ዳባት ላይ አብረን ያደግን ሦስት ጓደኛሞችን ነው። ዛሬ አንዳችን የደንብ ልብስ ለብሶ ከእናንተ ጋር ይኖራል፤ አንዳችን የጭነት መኪና ይነዳል፤ አንዳችን አስተማሪ ሆኗል። በዚያን ጊዜ ታላቁ፣ መካከለኛውና ታናሹ ማን ማን እንደ ነበር ግን አንናገርም። ከታሪኩ ውስጥ የሚያሳፍር ክፍል ስላለበት ሦስታችንም እኩል ልንሸከመው ተስማምተናል።

ጊዜው 1994 ዓ.ም.፣ መስቀል በዋለ በሳምንቱ ነበር። ቀኑን የመረጠው ሰሊጡ ነው እንጂ እኛ አይደለንም። ሰሊጥ ቀጠሮ የማያከብርን ሰው የማይጠብቅ እህል ነው። ቀድሞ ቢታጨድ ፍሬው ቀላልና ባዶ ይሆናል፤ ጥቂት ቀን ቢዘገይ ደግሞ ቆባው ከጫፉ ተሰንጥቆ ዘሩን መሬት ላይ ይዘረግፈዋል። ስለዚህ ከመስከረም ማለቂያ ጀምሮ ባሉት ሳምንታት ያ ሁሉ የመተማ፣ የሑመራና የገዳሪፍ ሜዳ በአንድ ጊዜ ሰው ይጣራል። ለማሽላው ማሽን አለው፤ ለሰሊጡ ግን የሰው እጅ እንጂ ሌላ አይሆነውም። ይህን ሁሉ ያወቅነው በኋላ ነው። በጊዜው የምናውቀው የታላቃችን አጎት ስለ ገዳሪፍ የመብራት ብዛት ያወራልንን ብቻ ነበር። «አገር እናያለን፤ ገንዘቡ በመንገድ ላይ የሚገኝ ምርቃት ነው» እንባባል ነበር። እውነቱን ለመናገር ከሥራ ይልቅ ሽርሽር ነበር በልባችን ያለው።

ለየራሳችን አንዳንድ የጀርባ ቦርሳ ያዝን። በውስጡ ጋቢ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ አንድ ቅያሪ ልብስና፣ ለምን እንደ ሆነ እግዜር ይወቀው፣ አንድ የጂኦግራፊ ደብተር ነበረ። የታናሻችን እናት በልጃቸው ቦርሳ ውስጥ ጉንጉን ነጭ ሽንኩርት ጨመሩበት፤ ለእባብም ለንዳድም ይሆናል ብለው። ከዚያም በር ድረስ ሸኝተውን፣ ፊታቸውን ወደ ሁለታችን መልሰው፣ «ሦስት ሆናችሁ ሄዳችኋል፤ ሦስት ሆናችሁ ተመለሱ» አሉን። ሌላ ምክር አልሰጡንም። እኛም ጉልበት ስመን፣ በውስጣችን እየሳቅን ወጣን።

ከጎንደር በአዘዞ በኩል በጭነት መኪና ላይ ተሳፍረን ጭልጋን እስክናልፍ ድረስ አገሩ የእኛው አገር ይመስል ነበር። ከዚያ ግን መንገዱ ቁልቁል መውረድ ያዘ። ዳባት ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ መተማ ከ1,000 ሜትር በታች ናት። ይህን በትምህርት ቤት ተምረነዋል፤ በሰውነታችን የተማርነው ግን በዚያን ቀን ነው። መጀመሪያ ሹራብ ወለቀ፤ ቀጥሎ ኮት፤ ነጋዴ ባሕር ስንደርስ ሸሚዛችንም ትከሻችን ላይ ነበር። የጓንግን ውኃ ስናይ ታላቃችን፣ ይህ ውኃ ሱዳን ሲገባ አትባራ ተብሎ ዓባይን እንደሚቀላቀል ነገረን። ከእኛ አስቀድሞ ድንበር የተሻገረ ያገር ልጅ በማግኘታችን ደስ አለን።

መተማ ዮሐንስ ያደርነው በአንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ነው። የከተማዋ ስም ምን እንደሚያስታውስ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ መንገር ለቀባሪው እንደ ማርዳት ነው። ቢሆንም ታላቃችን ሌሊቱን ሙሉ ስለ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ሲተርክልን፣ ዐፄ ዮሐንስ ድል ወደ ሠራዊታቸው ባዘነበለበት ሰዓት በጥይት መመታታቸውን ሲነግረን፣ ያ የምንተኛበት መሬት እንቅልፍ ነሳን። ከዚያ ወዲህም ያች ትንሽ ወንዝ ብዙ አይታለች። ኋላ ፊልድ ማርሻል የሆነው እንግሊዛዊው ስሊም በጥቅምት 1933 ዓ.ም. በዚሁ በገላባትና በመተማ በጣሊያኖች ላይ ዘምቶ ምሽጉን ከያዘ በኋላ ለማፈግፈግ ተገዷል። ትልቅ የጦር መሪም አንዳንድ ጊዜ በትንሽ ቦታ ትምህርት ይቀስማል። ይህን እንኳ በዚያን ጊዜ አናውቅም ነበር፤ ከደንብ ልብስ ለባሹ በኋላ የሰማነው ነው።

በማግሥቱ ድልድዩን ተሻገርን። ባሕር ማዶ ለመሄድ ተዘጋጅቶ የነበረው ልባችን፣ ባሕር ማዶ ማለት አንድ መቶ እርምጃ መሆኑን ሲያይ ትንሽ ቅር አለው። ለአጨዳ ከሚሻገሩ ብዙ ሰዎች መካከል ነበርንና ዘበኛው የቀበሌ መታወቂያችንን ገልብጦ አይቶ፣ በጣቱ ቆጥሮን አሳለፈን። ወዲያ ማዶ ገላባት ናት። ያው ሙቀት፣ ያው አቧራ፣ ያው ፍየል፤ ቋንቋው ግን ሌላ።

ከገላባት እስከ ገዳሪፍ ያለው ርቀት 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ በዚያን ጊዜ አስፋልት አልነበረውም። በሱዳኖች ዘንድ የታወቀው ቤድፎርድ የተባለው አሮጌ የጭነት መኪና ላይ በጆንያ አናት ተቀምጠን ነጎድን። የመረረው ጥቁር መሬት በክረምት ጭቃ፣ በበጋ ስንጥቅ ነው፤ በአንዳንዱ ስንጥቅ የሰው ክንድ እስከ ክርኑ ይገባል። ዶካ ላይ ሻይ ጠጣን። ከዚያ በኋላ ያለውን ስናስታውስ የሚመጣብን ዳር የሌለው ሜዳ ነው። የደጋ ልጅ ሁልጊዜ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ተራራ አለው። እዚያ ግን ዓይን ሄዶ ሄዶ የሚቆምበት ያጣል። መካከለኛችን «እዚህ አገር ሰው በምን አቅጣጫውን ያውቃል?» ብሎ ጠየቀ፤ መልስ የሰጠው አልነበረም።

ወደ ማምሻው ከሩቅ አንድ ግዙፍ ነገር ታየን። ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ምሽግ ነው ስንባባል፣ የገዳሪፍ የእህል ጎተራ ሆኖ ተገኘ፤ አንድ መቶ ሺህ ቶን ይይዛል የሚባለው፣ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው ሕንፃ። ያ ሜዳ ያን ያህል ጎተራ የሚያስፈልገው ለምን እንደ ሆነ ኋላ ገባን። በ1937 ዓ.ም. ገደማ ሱዳንን ያስተዳድር የነበረው የእንግሊዝ መንግሥት በምሥራቅ አፍሪካ ላለው ጦሩ ማሽላ ቢቸግረው፣ በገዳሪፍ ዙሪያ በትራክተር ማረስ አስጀመረ። ስለዚህ እኛን ሦስቱን የዳባት ልጆች እዚያ ሜዳ ላይ የጣለን ነገር ሥሩ ሲመዘዝ የወታደር ቀለብ ነው። የከተማዪቱን ስም ደግሞ ያገሩ ሰዎች «የጨረሰ ይሂድ» ከሚል አነጋገር ያመጡታል። ገበያ ነበርና የሸጠና የገዛ ሰው ቦታውን ይልቀቅ ማለት ነው ይባላል። እኛ ገና አልጀመርንም።

ያን ሌሊት በገበያው ዳር አንዲት ጀበና ጥዳ የምትሸጥ ያገራችን ሴት አገኘን። ቡናውን ሳይሆን በመጀመሪያ ያገኘነው ሽታውን ነው፤ ተከትለነው ሄድን። «እትዬ» ብለን ተጣራን፤ ቀና ብላ እግራችንን አየች፣ ቦርሳችንን አየች፣ ከዚያ ፊታችንን አየችና፣ «የሦስታችሁም እናት በሕይወት አለች?» አለችን። አዎን ስንላት «እንግዲህ ምን አቃበጣችሁ!» ብላ በርጩማ ሰጠችን። እርሷ በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ ልጅ አዝላ፣ በእግሯ ወደ ሱዳን የተሻገረች ናት። መጀመሪያ ያረፈችው ኡም ራኩባ በተባለው መጠለያ ነው፤ «የዳስ እናት» እንደ ማለት ነው። ያው መጠለያ በ2013 ዓ.ም. እንደገና ተከፍቶ ሌሎች ያገራችንን ስደተኞች ተቀብሏል። ከዚያም ወደ ከተማው ገብታ ጀበናዋን ጣደች። ያዘለችው ልጅ የት እንዳለ አልጠየቅናትም፤ አልነገረችንምም።

በማግሥቱ ሠራተኛ ከሚቀጠርበት አደባባይ ሄድን። በዚያ አገር የእርሻው ባለቤት ከተማ ይቀመጣል፤ እርሻውን የሚያስተዳድረው ወኪሉ ነው። አንድ ወኪል ክንዳችንን ጨብጦ መዝኖን «ቡክራ፣ ሳዓ ሲታ» አለን። ቡክራ ነገ መሆኑን በመኪናው ላይ ተምረናል፤ ሳዓ ሲታን መተርጎም አላስፈለገንም፤ ሰዓት ስድስት ነው። ደስ ብሎን ከተማውን ስንዞር ዋልን። ሱቁን፣ ባቡሩን፣ ሽቶ ሻጩን፣ የሴቶቹን ቶብ ሳይቀር አየን፤ ያ ቀን የሽርሽራችን ብቸኛ ቀን ሆኖ ቀረ። በማግሥቱ እንደ ልባችን ተኝተን፣ ቁርስ በልተን፣ እኩለ ቀን ላይ አደባባዩ ስንደርስ ከሁለት ፍየሎች በቀር ማንም አልነበረም። ወኪሉ የቀጠረን ለእነርሱ ስድስት ሰዓት፣ ለእኛ ከጠዋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ነበር! እትዬ ይህን ስትሰማ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ከዚያ ግን ሳቋን አቋርጣ፣ «እዚህ አገር ሲነግሯችሁ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ትርጉሙንም ጠይቁ» አለችን። የቀረብንን የአንድ ቀን ደመወዝ በገንዘብ ብንቆጥረው፣ ይህን ምክር በርካሽ ነው የገዛነው። ምክሩን በደንብ አልያዝነውም እንጂ።

በሦስተኛው ቀን ሌላ ወኪል ወስዶ ከከተማው በስተ ደቡብ ከሚገኝ እርሻ አደረሰን። ክፍያው የሚቆጠረው በመኸመስ ነው፤ መኸመስ የዚያ አገር የመሬት መለኪያ ሲሆን ከአንድ ሄክታር ሦስት አራተኛ ጥቂት ያንሳል። ሥራው ገና ጎሕ ሳይቀድ ይጀመራል። ሌሊት የወረደው እርጥበት ቆባውን ይዞት ስለሚቆይ ዘሩ አይፈስም፤ ፀሐይ ስትበረታ ግን እያንዳንዱ ክንድ ሲንቀሳቀስ የሰሊጥ ዝናብ ይዘንባል። የታጨደው ታስሮ ነዶ ይሆናል፤ ነዶው ጫፉን ወደ ሰማይ አድርጎ እርስ በርስ ይደገፍና ሂላ ይባላል፤ እስኪደርቅ ድረስ ቆሞ ይሰነብታል። ሂላው ሲቆም ከሩቅ ሲያዩት የተሰለፈ ጦር ይመስላል። እኛ ያቆምነው የመጀመሪያው ሂላ ግን የተበተነ ጦር ሆኖ ሁለት ጊዜ ወደቀ።

ጠርዙ እጅ ይልጣል፤ ማጭዱ መዳፍ ያበልዛል፤ ወገብ የራስ መሆኑ ይቀራል። በመጀመሪያው ማታ ማናችንም ቦርሳውን ለመክፈት ጣቱ አልታዘዘውም። የማሽላ ገንፎ በደረቅ ባሚያ ወጥ ቀረበልን፤ ዓሲዳ ይሉታል። ቤታችን ቢሆን ፊታችንን እናዞር ነበር፤ እዚያ ግን ታናሻችን የድስቱን ቂጥ ጠረገ። ሦስታችንም ያመጣነው ጋቢ በመንገድ ላይ ብዙ ያስቀለደብን ነበር። ሌሊት ትንኝ ሲመጣ ግን እየተጓተትን ገባንበት።

ሳሉግ የሚባሉት የቆላ ኑሮ የለመዱ ሠራተኞች ከሁሉ አስቀድመው ያስጠነቀቁን ነገር ነበር፤ ከዛፍ ሥር አትተኙ፣ ከመሬቱ ስንጥቅ አጠገብ አትተኙ አሉን። ምክንያቱን አይነግሩም። ዛሬ ምክንያቱን እናውቀዋለን፤ በዚህ ዓምድ ላይ እናቶችና እህቶች ስለሚያነቡት ትንሽ ቆም ብለን እንንገር። በዚያ ጥቁር መሬት ስንጥቅና በግራሩ ሥር ድምፅ የማታሰማ፣ ከተራ ትንኝ እጅግ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ ትኖራለች፤ ካላዛር የተባለውን በሽታ የምታስተላልፈው እርሷ ናት። ይህ በሽታ ወዲያው አይታወቅም፤ ሰውየው አገሩ ከገባ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሊነሣበት ይችላል። ትኩሳቱ አልለቅ ይላል፣ ሰውነቱ ይመነምናል፣ በግራ በኩል ጣፊያው አብጦ ሆዱ ይነፋል። ካልታከመ ይገድላል፤ ከታከመ ይድናል፤ መድኃኒቱ ጎንደር ሆስፒታል ይገኛል። ስለዚህ ከቆላ የተመለሰ ወንድም ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈው «ወባ ነው፣ ይተወዋል» ብሎ መቀመጥ አይገባም፤ ለሐኪሙም ቆላ ወርዶ እንደ ነበር መንገር ያስፈልጋል። ብዙ ልጆች የሚቀሩት ይህን የሚናገርላቸው ሰው አጥተው ነው። እኛን ከዚህ አንዱ አውጥቶናል። ከወባው ግን አላመለጥንም።

ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት የገንዘቡን ነገር እናውራ፤ ሦስታችንም እስከ ዛሬ ስንገናኝ የምናነሣው እርሱን ነው። በሦስተኛው የሥራ ቀን ወኪሉ ለሦስታችን ቅድሚያ «ዐሥር ሺህ» እንደሚሰጠን ተናገረ። በስሌታችን ሀብታም ሆንን። ማታ ጠርቶን አንድ ወረቀት ሰጠን፤ በላዩ ላይ ያለው ቁጥር 1,000 ነው። ታላቃችን ወረቀቱን ገልብጦ አየ፣ እኛም አየን። መካከለኛችን ደሙ ፈላና ማጭዱን ይዞ ተነሣ፤ «ባገራችን ሌባ እንዲህ አይደፍርም!» ብሎ ባማርኛ ጮኸ። ወኪሉም በዐረብኛ ጮኸ። ሁለቱም ያልተግባቡት ቃል ባይኖር ኖሮ ይጋደሉ ነበር፤ አለመግባባት አንዳንዴ ነፍስ ያተርፋል።

በመካከል የገቡት ከምዕራብ ሱዳን፣ ከዳርፉር ለአጨዳ የመጡ አንድ ሽማግሌ ናቸው። መሬቱ ላይ በዱላቸው አንድ ቁጥር ጻፉ፤ 10,000። ከዚያ በተረከዛቸው የመጨረሻዋን ዜሮ አጠፏት፤ 1,000 ቀረ። ነገሩ እንዲህ ነበር፦ ሱዳን በ1984 ዓ.ም. ዲናር የተባለ አዲስ ገንዘብ አውጥታ፣ አንዱን ዲናር በዐሥር ጊኔ መንዝራለች፤ ጊኔ ማለት ፓውንድ ነው። ወረቀቱ ዲናር ይላል፤ የሕዝቡ አፍ ግን ጊኔውን አልተወም። ስለዚህ ዐሥር ሺህ ሲባል በእጅ የሚገባው አንድ ሺህ ነው። ማንም አልሰረቀንም። (ዲናሩ ራሱ በ1999 ዓ.ም. ተሽሮ ፓውንድ ተመልሷል፤ ከእኛ በኋላ የሄዱት በዚህ አልተጣሉም።) የእትዬ ምክር ያን ጊዜ ትዝ አለን። መካከለኛችን ማጭዱን አስቀምጦ ሄዶ የወኪሉን ትከሻ ሳመ፤ ወኪሉም ስቆ አንድ ቁና የሚሆን ስኳር ላከልን። እኛ ግን ሌሊቱን ከእፍረት የተነሣ ሻዩን ያለ ስኳር ጠጣን።

አሁን ወደሚከብደው እንመለስ።

በአምስተኛው የሥራ ቀን ጠዋት ታናሻችን አልተነሣም። ጥርሱ ይንቀጫቀጫል፤ ሦስታችንም ጋቢዎቻችንን ደራረብንበት። «ብርድ ነው» አለ ታላቃችን። በዚያ አገር በጥቅምት ብርድ! ሁላችንም ብርድ አለመሆኑን እናውቅ ነበር፤ የዳባት ሰው ቆላ ወርዶ ሲንቀጠቀጥ ምን እንደሚባል የማያውቅ የጎንደር ልጅ የለም። ነገር ግን የያዝነው መኸመስ ሊያልቅ የሁለት ቀን ሥራ ቀርቶታል። ጥለነው ብንሄድ ሌላ ጓድ ገብቶ ይጨርሰዋል፤ የጨረሰውም ይከፈለዋል። የወኪሉ መኪና የሚመጣውም ከነገ ወዲያ ነበር። እንግዲህ ሁለታችን በዓይናችን ተያየንና ማንም ምንም ሳይናገር ማጭዳችንን ይዘን ወጣን። ከዳሱ ሥር ውኃ በጆግ አስቀምጠንለት ሄድን።

ያን ቀን ከቀድሞው ሁሉ አብልጠን አጨድን። አንዳችንም ቀና ብለን ወደ ዳሱ አላየንም። ይህን ስንጽፍ የምናሳምረው ነገር የለንም፤ ልጆች ነበርን ብንልም ማጭዱን ለመጨበጥ ልጅ አልነበርንም።

ማታ ስንመለስ ታናሻችን ከእናቱ ጋር ይነጋገር ነበር። ዓይኑ ተከፍቷል፤ እኛን ግን አያይም። ውኃው እንዳለ ነበር። እኚያ የዳርፉር ሽማግሌ ሊጎበኙት መጥተው ግንባሩን ዳሰሱ፤ ከዚያ ወደ እኛ ዞረው በጣታቸው መጀመሪያ ፀሐይ የወጣችበትን፣ ቀጥሎ የገባችበትን አመለከቱ። ከጠዋት ጀምሮ? ማለታቸው ነው። እኛም ራሳችንን ነቀነቅን። አልተሳደቡም፤ በእግራቸው ሄደው ወኪሉን ቀሰቀሱት። ይህ ሌባ ያልነው ሰው ትራክተሩን ራሱ አስነሥቶ፣ ታናሻችንን ተጎታቹ ላይ በሰሊጥ ገለባ አስተኝቶ፣ ሌሊቱን ሙሉ ነዳ። ሁላችንም ተከትለን ሄድን። ያ ዳር የለሽ ሜዳ በጨለማ የባሰ ዳር የለሽ ነው። «ሦስት ሆናችሁ ተመለሱ» የሚለው ቃል ከትራክተሩ ድምፅ ጋር ሲመላለስብን አደረ፤ ከሁለታችን ግን ለሌላው የነገረ አልነበረም።

ገዳሪፍ ስንደርስ ነግቷል። ሐኪሙ ደሙን መርምሮ ወባ መሆኑን፣ ያውም ወደ አንጎል የሚወጣው ዓይነት መሆኑን ነገረን፤ ኪኒን በደም ሥሩ ተሰጠው። «መቼ ጀመረው?» ብሎ ጠየቀ። ታላቃችን «ትናንት ማታ» አለ። ሽማግሌው አልነበሩም እንጂ ጣታቸውን እንደገና ያነሡ ነበር። ሐኪሙ መልሶ ጠየቀ፤ ይህን ጊዜ መካከለኛችን «ትናንት ጠዋት» አለ። እውነቱን በመናገራችን ምንም አልተደረግንም፤ ሐኪሙ ጽፎ ዝም አለ።

በሁለተኛው ቀን ልቡ ተመለሰለት። እትዬ ቤቷ ወስዳ ሰሌን አንጥፋ፣ የሾርባና የአጥሚት ተረኛ ሆና ዐሥር ቀን አስታመመችው። ውኃ ሳታፈላ አታጠጣውም ነበር፤ ወባና ውኃ የማይገናኙ መሆናቸውን ብንነግራትም «እናንተ ዝም በሉ» ትለን ነበር፤ ልክ ነበረች፤ መናገር የሚገባን አልነበርንም። ሁለታችን ተመልሰን ሥራውን ጨረስን። የሚገርመው፣ የጀመርነውን መኸመስ ማንም አልነካብንም፤ ሽማግሌው ዳሩ ላይ ዱላቸውን ተክለው አስጠብቀውልናል።

ገንዘቡ ሲከፈል አንድ ጠብ ተነሣ። ለሦስት እንከፈል ስንል ታናሻችን «ያልሠራሁበትን አልወስድም» አለ። እኛ የምንፈልገው እንዲወስድልን ነው፤ ምክንያታችንን እርሱም ያውቅ ነበር፤ አልወስድም ያለውም ስለዚያ ይመስለናል። እትዬ ገንዘቡን ከእጃችን ተቀብላ በመጀመሪያ የሐኪሙን ወጪ አወጣች፤ የራሷን ምንም አልቆጠረችም። የቀረውን በጀበናው ሰሃን ላይ ሦስት ቦታ አኖረችና፣ «ስትመጡ በስንት ነበር የተስማማችሁት?» አለች። በሦስት አልናት። «ታዲያ ምን ትጨቃጨቃላችሁ?» አለችና ጀበናዋን ለመጣድ ተነሣች።

ሦስት ሆነን ዳባት ገባን። ለታናሻችን እናት ከሲታነቱን «ሥራው ነው» ብለን ተናገርን። ያንን አንድ ቀን ግን ለዓመታት አልነገርናቸውም። የነገርናቸው በልጃቸው ሠርግ ማግሥት፣ ጠላ ጠጥተን፣ እግራቸው ሥር ተንበርክከን ነው። ዝም ብለው ሰምተውን ሲያበቁ፣ «አውቀዋለሁ፤ ገና በመጣ በሳምንቱ በእንቅልፉ ሁሉን ለፍልፎልኛል» አሉ። «ታዲያ ለምን ዝም አሉን?» ስንላቸው «እናንተ እስክትነግሩኝ ነዋ!» ብለው ጠላውን ጨመሩልን።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ያችን ትንሽ ድልድይ ሰው በተቃራኒው ተሻገራት። ሱዳናውያን እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ከገላባት ወደ መተማ መጡ፤ ኩመር ላይም መጠለያ ተከፈተላቸው። ከእኛ አንዱ በዚያ ሰሞን ለሥራ መተማ ነበርና ለሦስት ቀን ያህል በድልድዩ ዳር እየቆመ የሚያልፈውን ሰው ሲመለከት ሰነበተ። ሽማግሌውን አይፈልግም፤ በዕድሜያቸው በሕይወት የመኖራቸው ነገር ያጠራጥራል። የሚፈልገው እትዬን ነበር። አላያትም። በመጨረሻ ከገዳሪፍ የመጣ አንድ ነጋዴ የምትገኝበትን ስልክ ሰጠውና፣ ማታ ሦስታችንም በያለንበት ሆነን በየተራ አነጋገርናት።

ገዳሪፍ እስካሁን ሰላም ናት አለችን፤ ከካርቱም የሸሹት ሁሉ ወደ እርሷ ከተማ ገብተው ገበያው መተላለፊያ የለውም። እርሷም ጀበናዋን ከጠዋት እስከ ማታ አታወርድም፤ የሚከፍለውም የማይከፍለውም ይጠጣል። ወደ አገርሽ ብትመለሺስ ብንላት ወሬውን አስለወጠችን። ከዚያ ታላቃችንን ስለ ልጆቹ፣ መካከለኛችንን ስለ ቁጣው ጠየቀችው። ስልኩ ሊቋረጥ ሲል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ያ ትንሹስ፣ ውኃ አፍልቶ ይጠጣል?» አለች።